ቴአትር ለመማር ባሕር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ታሪክ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በመምህሬ በታዘዝሁ ጊዜ፣ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ነገሥታት ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው መኸር የሰማሁት አንድ ቃል አሳቤን ለወጠው። ወግዲ በሚገኘው አውድማችን ላይ ጤፍ ስንወቃ ሳለ አባቴ፣ «አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ምን ልትማር አስበሃል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ቴአትር» ብዬ መለስሁ። አባቴ ሥራቸውን አቁመው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ አንተን ትምህርት ቤት የሰደድሁህ አዝማሪ እንድትሆን ነውን? ደግሞስ ለጨዋታም ዩኒቬርሲቲ አለው እንዴ?» አሉኝ።

በዚያች ቀን አንዳች መልስ አልነበረኝም። ይህም ጥያቄ የአባቴ ብቻ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ልጃቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን የሚመኙ ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት ነው። ስለዚህ ከእኛ በፊት ይህን ትምህርት ፈልገው ወደ ታላላቅ ከተሞች የሄዱ ኢትዮጵያውያን እነማን እንደ ነበሩ፣ ለምን እንደ ሄዱና ምን ይዘው እንደ ተመለሱ መርምሬ በአጭሩ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። ቴአትር የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ቢሆንም፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ በቃልና በአካል ነገርን መግለጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በእኛ አገር በሠርግ ላይ የሚፎክረው ጎበዝ፣ በለቅሶ ላይ የሟቹን ሙያ እየዘረዘረች ሕዝቡን የምታስለቅሰው ሙሾ አውራጅ፣ በመውሊድ ሌሊት መንዙማ የሚያወጣው ሼህ፣ በማኅሌት ላይ መቋሚያ ይዞ የሚያሸበሽበው ደብተራ፣ እያንዳንዳቸው መድረክና ተመልካች አሏቸው። ከወግዲ በማይርቀው በጋስጫ ይኖሩ የነበሩት አባ ጊዮርጊስ የደረሱት ሰዓታትም ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ሌሊት ሌሊት በዜማ ሲደርስ ኖሯል።

ከሁሉም ይልቅ ለቴአትር የሚቀርበው የጥንቱ ሙግት ነበር። ተሟጋቾቹ በዳኛው ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ነጠላቸውን እንደ ሥርዓቱ አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን እየጠቆሙ፣ ነገራቸውን በግጥም እያሰሩ ይከራከሩ ነበር። የተሰበሰበውም ሰው ማን እንደ ረታ ብቻ ሳይሆን ማን አሳምሮ እንደ ተናገረ ጭምር ይፈርድ ነበር። የአባቴ አያት ስለ ርስት ተሟግተው የረቱበት ቀን በቤታችን እስከ ዛሬ ይነገራል። የመሬቱን ስፋት የሚያስታውስ የለም፤ የአነጋገራቸውን ማማር ግን ሁሉም ያስታውሳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሳለ ሰዎች ቴአትር ለመማር ለምን ባሕር ተሻገሩ?

የዚህ ታሪክ መጀመሪያ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እሳቸው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው ብዙ ዓመት ተቀምጠዋል። የሄዱበት ትምህርት የመድፍ ትምህርት እንጂ ቴአትር አልነበረም። ነገር ግን በዚያ አገር የሠለጠነ ሕዝብ ቴአትር ቤት ሠርቶ፣ ትኬት ገዝቶ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ የራሱን ጉድለት በመድረክ ላይ እንደሚያይ ተመለከቱ። ወደ አገራቸውም ከተመለሱ በኋላ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጽፈው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በመኳንንት ፊት እንዲታይ አደረጉ። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ይህ ነው። የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም፣ በጊዜው የነበረውን አስተዳደር እንደሚነኩ ተመልካቾቹ ወዲያው ዐወቁ። ስለዚህ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ቴአትር እንዳይሠራ ተከለከለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አስተውል። የመጀመሪያው ቴአትራችን የተከለከለው ከንቱ ጨዋታ ስለ ሆነ አልነበረም። ከንቱ ጨዋታማ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ወዲህ ቴአትር እንደ ገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ከተነሡት ደራሲዎች ዋነኛው ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። አገራቸው ከወግዲ አባይን ተሻግሮ የሚገኘው የጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ነው። የተማሩትም ቅኔ ነው፤ በለንደንም ሆነ በፓሪስ የቴአትር ትምህርት አልተማሩም። ነገር ግን «አፋጀሽኝ» እና ሌሎችም ድርሰቶቻቸው ቅኔ ቤት ራሱ አንድ ዩኒቬርሲቲ መሆኑን አስመስክረዋል። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ወራት የአገር ፍቅር ማኅበር በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተመሠረተ። ዓላማውም በንግግር፣ በዜማና በቴአትር ሕዝቡን ለነጻነቱ ማነሣሣት ነበር። የዛሬው የሀገር ፍቅር ቴአትር ከዚህ ማኅበር የወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ታላቁ ለውጥ በ1948 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። በምረቃውም የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ቤቱ ከሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ መብራቱና መጋረጃው በዘመናዊ መንገድ የተዘጋጀ ነበር። ሕንፃው ቢቆምም ግን በውስጡ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ። በመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን እንዲመሩ ከተደረጉት መካከል አንዱ የኦስትሪያ ተወላጅ የሆነ ሙዚቀኛ ነበር። በዚያ ዘመን አዘጋጅ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ብርሃን እንዴት እንደሚከፈል፣ ተዋናይ ሳይጮኽ ድምፁን እስከ ኋላ ወንበር እንዴት እንደሚያደርስ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአገራችን አልነበረም። አንድ ሰው ጥሩ ፎካሪ ቢሆን በአንድ ጎበዝነቱ ነው፤ በአንድ ታላቅ ቴአትር ቤት ግን ሃምሳ ሰዎች በየሌሊቱ ሳይሳሳቱ አብረው እንዲሠሩ ያስፈልጋል። ይህም ያለ ትምህርት አይገኝም። ወጣቶች ወደ ውጭ የሄዱበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከነዚህም ወጣቶች መካከል ስማቸው የገነነው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ቦታ ተወልደው፣ ገና ተማሪ ሳሉ ቴአትር ጽፈው አሳይተዋል። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተማሩት ሕግ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በ1951 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ከዚህ በኋላ ግን የዩኔስኮን የትምህርት ዕርዳታ አግኝተው በአውሮፓ የቴአትርን ሥራ አጠኑ። በለንደን የሮያል ኮርት ቴአትርን፣ በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝን ተመለከቱ፤ ወደ ሮማም ሄዱ። ኮሜዲ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. በ1680 የተመሠረተ ሲሆን የፈረንሳይ መንግሥት እንደ ቅርስ ጠብቆ ያቆየው ቤት ነው። ለንደን ያለው ሮያል ኮርት ግን በአዲስ ሥራው የታወቀ ነበር። በሚያዝያ ወር 1948 ዓ.ም.፣ ማለትም የእኛ ታላቅ ቴአትር ቤት በተመረቀበት ዓመት፣ የጆን ኦዝቦርን ቴአትር በዚያ ታይቶ ነበር። በመድረኩ ላይ ንጉሥና መስፍን ሳይሆን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖር የተቆጣ ወጣት ስለ ቀረበ እንግሊዞች ብዙ ተከራክረውበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ከዚህ ጊዜ በፊት የነበሩት ታላላቅ የአማርኛ ቴአትሮች ባብዛኛው የነገሥታትና የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ታሪክ ነበሩ። ጸጋዬ ተመልሰው ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በቴአትር ቤቱ ኃላፊነት ላይ ሲሠሩ ግን «የከርሞ ሰው» በተባለው ድርሰታቸው የአዲስ አበባ ተራ ሰዎች ከነችግራቸው መድረክ ላይ ወጡ። ልብሳቸው የተቀደደ፣ ኪራይ የከበደባቸው፣ ነገን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ጸጋዬ የለንደንን ሰው አላመጡም፤ ያመጡት ተራውን ሰው በመድረክ ላይ ለማቆም የሚያስችለውን ድፍረትና ዘዴ ነው። እንዲሁም የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት» እና «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ ሲመልሱ፣ ቃሉን በአማርኛ ምት አስገብተው ስለ ጻፉት የግጥማቸው ስልት እስከ ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» ይባላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ገና 30 ዓመት ያህል ነበር።

በዚያው ዘመን ተስፋዬ ገሠሠ በቺካጎ አጠገብ በኤቫንስተን ከተማ በሚገኘው በኖርዝዌስተርን ዩኒቬርሲቲ ቴአትርን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ አጥንተው ተመለሱ። ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ደራሲና መምህር ሆነው ኖረዋል፤ በዩኒቬርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከልን፣ እንዲሁም ሀገር ፍቅርንና ብሔራዊ ቴአትርን በየጊዜው መርተዋል። መንግሥቱ ለማ ደግሞ በለንደን የተማሩት የምጣኔ ሀብትና የፖለቲካ ትምህርት ቢሆንም፣ ከዚያ ሲመለሱ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉትን ሳቅ የሞላባቸው ቴአትሮች ጻፉ። «ያላቻ ጋብቻ» ከባላባት ወገን የሆነ አንድ የተማረ ሰው የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሣ የሚሆነውን ያሳያል። እንዲህ ያለው ነገር በወግዲም ቢሆን ቤት ለቤት የሚያነጋግር እንጂ የለንደን ወሬ አይደለም።

ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ የተማሩት በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ነው። ስለ ወጋየሁ በተለይ የምናገረው አለኝ። እናቴ እንደሚነግሩኝ፣ ልጅ ሳሉ በሰፈሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ ነበር። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተረክ ሰዉ ሥራውን ትቶ በባለ ሬዲዮው ደጃፍ ይሰበሰብ ነበር። ያ ድምፅ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ሽማግሌውን፣ ልጃገረዷን፣ ቄሱን፣ ፊታውራሪውን ሁሉ በአንድ አፍ ለይቶ ያሳይ ስለ ነበር፣ እናቴ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነብ መሆኑን ለብዙ ጊዜ አላመኑም። ከቡዳፔስት የተገኘው ትምህርት ከአባይ ማዶ ያለውን የጎጃምን ታሪክ ተሸክሞ፣ መንገድ ባልደረሰበት ተራራ ላይ ለወግዲ ገበሬ ደረሰ ማለት ነው። ይህንን ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ፣ «እሱማ ሰው ነበር!» አሉ። እኔም፣ «እሱ እኮ ለዚያ የተማረ ነው» አልኋቸው። ዝም አሉ።

ስለ እናቶቻችን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በቀድሞው ዘመን ሴት በመድረክ ላይ መውጣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ይህን ስድብ ችለው መጀመሪያ የወጡት ሴቶች ዕዳ አለብን። ከነሱ በኋላ ከመጡት መካከል ዓለምፀሐይ ወዳጆ ተዋናይና ባለቅኔ ሆነው፣ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱም በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ጣይቱ የባህል ማዕከልን አቋቁመው በስደት ላለው ወገናችን ቴአትር አሳይተዋል። ለእኅቶቼ ተማሪዎች ይህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። እነዚህ ሰዎች ለትምህርታቸው ዋጋ ከፍለዋል። ድርሰታቸው በሳንሱር እጅ ብዙ ጊዜ ተቆርጧል፤ ተከልክሏልም። ተስፋዬ ገሠሠ በደርግ መጀመሪያ ዓመታት «እቃው» በተባለው ቴአትራቸው ምክንያት ታስረዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዚያው ዘመን እስራት ደርሶባቸዋል፤ በመጨረሻም ለሕመማቸው ሕክምና በሄዱበት በኒው ዮርክ በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. ዐርፈው፣ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። አባቴ ስለ እኔ የሚፈሩት ድኽነትን ብቻ ከሆነ ይህን ታሪክ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። እውነትን በሕዝብ ፊት የሚናገር ሙያ ከድኽነት የበለጠ አደጋ እንዳለበት ታሪኩ ያሳየናል።

ይሁን እንጂ ድካማቸው ከንቱ አልቀረም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። እሱን ለማቋቋም ከደከሙት ሰዎች አንዱ ጸጋዬ ነበሩ፤ ተስፋዬ ገሠሠና መንግሥቱ ለማም በዚያ አስተምረዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ለአንድ ትምህርት ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ ከነሱ በኋላ የመጡት ግን ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ሲደርሱ ያንኑ ትምህርት በአገራቸው አገኙት። የተማረ ሰው ለአገሩ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ እሱ የተጓዘውን ረጅም መንገድ ለታናሽ ወንድሙ ማሳጠር።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ትምህርት ምንድን ነው? «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ከባሕር ማዶ የተመለሱት ሁሉ ስማቸው አልተጠራም፤ የተጠራው ያዩትን እንዳለ ያልገለበጡት፣ በተማሩት ዘዴ የገዛ አገራቸውን ሰው የመረመሩት ናቸው። ዮፍታሔ ደግሞ ሳይሄዱ ከቅኔ ቤት ተነሥተው ታላቅ ሆነዋል። ስለዚህ ታላቅ ከተማ ሄዶ መማር ብቻውን ሰውን አያተልቅም፤ አገርን ሳያውቁ መሄድም ባዶ አቁማዳ ይዞ ገበያ እንደ መውጣት ነው። በሌላ በኩል ግን ያለ ትምህርት የቀረ ተሰጥዖ በአውድማና በለቅሶ ቤት ታይቶ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የአባቴ አያት በላ ልበልሃ ያሉት ቃል ዛሬ የት አለ? ያማረ እንደ ነበረ ብቻ እናውቃለን እንጂ አንድ ስንኝ እንኳ የጻፈው የለም።

እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለልደት በዓል ቴአትር እናሳይ ነበር። እኔ የደረሰኝ የእረኛ ክፍል ነበር፤ የምናገረውም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያስተማሩን እመቤት በፈረንጆቹ ሥዕል ላይ እንዳለው ረጅም ቀሚስ አልብሰውን ነበር። እኔ ግን የበግ እረኛ ምን እንደሚለብስ ዐውቅ ስለ ነበር በመጨረሻው ቀን የራሴን በርኖስ ለብሼ፣ ዱላዬን በትከሻዬ አጋድሜ ወጣሁ። የመጡት ገበሬዎች ሁሉ በደስታ ሳቁ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ይህን ታሪክ ስጽፍ ገባኝ። ሳቃቸው የማፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ ራሳቸውን ስላዩ ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ የምለው፣ ወደ ሩቅ ከተማ ለመሄድ ብንመኝ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከመሄዳችን በፊት የሽማግሌዎቻችንን ሙግት፣ የእናቶቻችንን ሙሾ፣ የቅኔውንና የመንዙማውን ቃል እንጠይቅ፤ እንጻፍም። መምህሮቻችንንም በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የቴአትር ክበብ እንዲያበረታቱልን በትሕትና እንለምናለን። ወላጆቻችን ደግሞ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ ከመናገራቸው በፊት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ሰው በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒያው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት መሆናቸውን እንዲያስታውሱ እለምናለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ማታ በቤታችን ለአባቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ድረስ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስለ አያታቸው የጻፍሁትን ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ፣ «እንግዲህ መጀመሪያ ፈተናውን እለፍ፤ የቀረውን ያን ጊዜ እንሟገታለን» አሉኝ።

እኔም ለሙግቱ እየተዘጋጀሁ ነው።